ሳምንታዊው ጽሑፍና መጽሐፉ፦ ውል ለፈረመ ጸሐፊ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ውሉን የፈረምኩት ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ። አሳታሚው ቀብድ ሰጠኝ። እኔም መጽሐፉን ነሐሴ 30 አስረክባለሁ ብዬ ፈረምኩ። ደረጃውን በደስታ ወረድኩት፤ እግሬ መሬት መንካቱንም እንጃ። ታች ደርሼ ስልኬን ሳወጣ ቀኑ ረቡዕ ነው። የሐሙሱን ጽሑፍ ገና አልጀመርኩትም።

አራት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ጽፌያለሁ። ኒውስሌተር የሚሉት አሉ። አንባቢዎቼ ግን «የሐሙስ ደብዳቤ» ነው የሚሉት። ስለ መሀል አዲስ አበባ ነው፤ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሰዉ፣ ስለ ፈረሰውና ስለ ተሠራው። አሳታሚው ያገኘኝም በዚሁ ደብዳቤ ነው። ታዲያ መጽሐፍ አገኘሁ ብዬ ደብዳቤውን ብተወው «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አይልም?

በዚያ ዓመት ያልሞከርኩት ዘዴ የለም ማለት ይቻላል። ያልሞከርኩትን ደግሞ ጓደኞቼ ሞክረውታል። ሁሉንም ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። የትኛው እንደሚሻል የራሴ አቋም አለኝ፤ አልደብቅም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ስሜቱን ለጊዜው ተዉትና ቁጥሩን ሥሩ። የእኔ ውል 240 ገጽ ይላል። እንደ ፊደሉ መጠን ቢለያይም እኔ በአንድ ገጽ 230 ቃል ብዬ አሰብኩ። 55 ሺህ ቃል ገደማ ነው። ከኅዳር 5 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 42 ሳምንት አለ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ለማረም ካስቀመጥኩ ለረቂቁ የሚተርፈኝ 29 ሳምንት ነው። በሳምንት 1,900 ቃል።

ደብዳቤውስ? አንዱ 1,000 ቃል ገደማ ነው። በ42 ሳምንት 42 ሺህ ቃል። የመጽሐፉ ሦስት አራተኛ! ወረቀት ላይ ጽፌ ሳየው ደነገጥኩ። «ትንሿ የሐሙስ ነገር» እያልኩ የምጠራት ነገር ራሷ መጽሐፍ ልታክል ምንም አልቀራትም።

የቃሉ ቁጥር ደግሞ ቀላሉ ነው። ሁለት ሳምንት ሰዓቴን መዘገብኩ። አንድ ደብዳቤ ዘጠኝ ሰዓት ይበላል። ከዚያ ውስጥ መጻፉ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው ርዕስ ፍለጋ፣ ደውሎ ማጣራት፣ ፎቶ፣ እርማት፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሚጽፉልኝ ሰዎች መልስ መስጠት ነው። እናንተም ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሳምንት መዝግቡ። ግምት አታምኑ። እኔ ከመመዝገቤ በፊት ብጠየቅ አራት ሰዓት እል ነበር።

ጠዋቱን፣ ወሬውን ወይስ ወኔውን?

ሰዎች ይህን ጉዳይ የጊዜ እጥረት ብቻ አድርገው ያዩታል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ግን ሳምንታዊ ጽሑፍ ከመጽሐፍ ላይ የሚወስደው ሦስት የተለያየ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛውን እንደሚወስድባችሁ ካላወቃችሁ የምትመርጡት መፍትሔ የሌላ ሰው ይሆናል።

አንደኛው ጠዋቱ ነው። አእምሮ ንጹሕ የሆነበት ሰዓት። ለእኔ ከ12 ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ታክሲውም ጎረቤቱም ሳይንጫጫ። ለሌላው ሌሊት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውም መጽሐፉም ያንኑ ሰዓት ከፈለጉት ጠብ አለ።

ሁለተኛው ወሬው ነው። ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ ከሆነ የምትጽፉት፣ ጥሩ ታሪክ ባገኛችሁ ቁጥር ለማን ይሰጥ የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ሦስተኛውን ለመናገር ይከብዳል፤ ወኔው ልበለው። አንድ ታሪክ ሊያስጽፍ የሚችለው ገና ሳይነገር ሲያንገበግብ ነው። ከተናገሩት በኋላ ይበርዳል። ደብዳቤ ደግሞ በየሳምንቱ መናገር ነው።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

እንዳለ መቀጠል

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው ይህን ነው። «ትንሽ ጠንከር ብዬ እሠራለሁ» ይላል። እኔም አልኩ። ለእናቴ ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለችኝ። ሳቅኩባት።

ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ አሥራ ሦስት ደብዳቤ አወጣሁ። አንድም ሐሙስ አላመለጠኝም። ከመጽሐፉ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አሥራ አንድ! ስንፍና አልነበረም። ደብዳቤው የሚያሸንፈው ቀኑ ነገ ስለሆነ ነው። የመጽሐፉ ቀን ነሐሴ ነው። ኅዳር ላይ ቆመው ሲያዩት ነሐሴ ሌላ አገር ይመስላል። ደግሞ ደብዳቤው ሐሙስ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ «ቆንጆ ነው፣ በርቺ» ያስብላል። መጽሐፉ ለወራት ማንም አያየውም። ሰው ወደ ምስጋናው መሄዱ የማይቀር ነው።

እዚህ ላይ በዓሉ ግርማን የሚጠቅስ አይጠፋም። በጋዜጠኝነትና በአዘጋጅነት እየሠራ አይደለም ወይ ልቦለድ የጻፈው? እውነት ነው። ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ዜና ማስተካከልና ስብሰባ መምራት ከልቦለድ ጋር ከአንድ ጉድጓድ አይቀዱም። ቀን የሚደክመው አንዱ ጡንቻ፣ ማታ የሚሠራው ሌላው ነው። በራሳችሁ ድምፅ፣ በራሳችሁ ጉዳይ ላይ በየሳምንቱ የምትጽፉ ከሆነ ግን ከዚያው ጉድጓድ ነው የምትቀዱት።

ስለዚህ ይህ መንገድ የሚሆነው ጽሑፋችሁ ከመጽሐፉ ጋር ለማይገናኝ ሰው ነው። በሳምንቱ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስባ የምታወጣ አንዲት ወዳጄ ልቦለዷን ስትጽፍ አንድም ሳምንት አላቋረጠችም። አልገረመኝም። ማስታወቂያ መሰብሰብ ወኔ አይጠይቅም፤ ሻይ ይዞ ቁጭ ማለት ነው።

ለጊዜው መዝጋት

በተቃራኒው ጫፍ ያለው ይህ ነው። «መጽሐፍ ላይ ነኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ መጥፋት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጠዋቱ ይመለሳል፣ ወሬውም ወኔውም ለመጽሐፉ ይቀራል። የማስረከቢያ ቀን ሦስት ወር ብቻ ለቀረው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የሚያጠባ ልጅ ያላት፣ ቀን ቢሮ የምትውል፣ ማታ ብቻ የምትጽፍ ሰው ካለች ደግሞ ሌላ ምክር አልሰጣትም፤ ትዝጋው።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቴሌግራም ላይ የቅርብ ጊዜ መልእክት ያለው ነው ከላይ የሚታየው። ዝም ያለ ቻናል በየቀኑ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከሦስት ወር በኋላ አንባቢው ሠላሳ ቻናል አልፎ ካልፈለጋችሁ አያገኛችሁም። መጽሐፉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዙት ደግሞ እነዚያ አንባቢዎች ናቸው።

ሁለተኛው ያልጠበቅኩት ነው። አንድ ጓደኛዬ መጽሐፍ ሊጽፍ ቻናሉን ዘጋ። መመለሻ ቀን አልነገረንም። ስምንት ወር ሆነው። ካዛንቺስ ቡና ስንጠጣ «መጽሐፉ እንዴት ነው?» አልኩት። ዓይኑን ወደ ስኒው አደረገ። ለካ በሕይወቱ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ቋሚ ቀን ያ ሳምንታዊ ጽሑፍ ነበር። እሱን ሲዘጋ ለመቀመጥ የሚያስገድደው ነገር ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ልትዘጉ ከሆነ መመለሻውን ቀን ቆርጣችሁ ተናገሩ። «በቅርቡ» አትበሉ። እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ቀን ሞልቷል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ዘግቶ ከትንሣኤ ማግስት መክፈት ይቻላል። ወይም ሐምሌና ነሐሴን ዘግቶ ለእንቁጣጣሽ መመለስ። አንባቢው በጣት ሳይቆጥር ያስታውሰዋል።

የሚከፍል አንባቢ ካላችሁ ጉዳዩ የገንዘብም ነው። ውጭ አገር ሆነው ሰብስታክ በሚባለው የኒውስሌተር መድረክ ላይ የሚጽፉ ወገኖቻችን ክፍያውን ለጊዜው ማቆም ይችላሉ፤ ሲመለሱ ይቀጥላል። ሰብስታክ ክፍያ የሚቀበልበት ስትራይፕ እዚህ አገር ስለማይሠራ፣ እኛ ብዙዎቻችን በነጻ ነው የምንጽፈው። በቴሌብር ድጋፍ የምትቀበሉ ካላችሁ በዝምታው ወራት «አትላኩልኝ» ማለት ያስከብራል።

ስንቅ መሰነቅ

የካቲት ላይ ይህን ሞከርኩ። አሥር ቀን ከመጽሐፉ ርቄ ስምንት ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ጻፍኩ። ቴሌግራም ላይ መልእክት ቀን ወስኖ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ስምንቱን ሐሙሶች በተርታ አስቀመጥኩና ለሁለት ወር ነጻ ወጣሁ አልኩ።

በመርሕ ደረጃ ከሁሉም የሚሻል ዘዴ ነው። ጠዋቱን ይመልሳል። ደብዳቤው አይቋረጥም። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፤ የምጽፈው ስለ አዲስ አበባ መሆኑን።

መጋቢት 2016 ፒያሳ ምን እንደነበረች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰፈሩ እየፈረሰ ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት አንገቴን ደፍቼ መጽሐፌ ላይ ነኝ። አንድ ሐሙስ ከማለዳው ስልኬ መጮህ ጀመረ። ደብዳቤዬ ወጥቷል። «ነገ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት እዚያች ቤት ጎራ በሉና አንድ ማኪያቶ ጠጡልኝ» ይላል። ቤቷ ከፈረሰች ሳምንት ሆኗታል። አንዷ አንባቢ የፍርስራሹን ፎቶ አንስታ «የቱ ጋ ልቀመጥ እሺ?» ብላ ላከችልኝ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ስለዚህ ስንቅ የሚሆነው ለማይበላሽ ነገር ነው። እንደ ድርቆሽና እንደ ጭኮ። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ምግብ አሠራር የምትጽፉ ከሆነ አሥር ሰንቁ። ስለ ዛሬ የምትጽፉ ከሆነ ከሁለት በላይ አታስቀምጡ። የተቀመጠውንም በዋዜማው አንብቡት።

ማሳጠር

አንድ የቴሌግራም መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሳይቀር ይቆጠራል። በአማርኛ ከ700 እስከ 800 ቃል ገደማ ማለት ነው። የእኔ ደብዳቤ ሁልጊዜ ለሁለት ይቆረጥ ነበር። «ከአንድ መልእክት አያልፍም» የሚል ሕግ ማውጣት ጥሩ ገደብ ነው። ማሽኑ ራሱ «በቃ» ይላችኋል።

ግን ቃሉን በግማሽ ስትቀንሱ ሰዓቱ በግማሽ አይቀንስም። እኔ 500 ቃል ስጽፍ ስድስት ሰዓት ገደማ ወሰደብኝ። ርዕስ ፍለጋውና ማጣራቱ ያው ነው። አጭር ጽሑፍ ደግሞ የሚደበቅበት የለውም፤ አንዷ ዓረፍተ ነገር ከላላች ትታያለች። ለብቻው መፍትሔ አይደለም። ከሌላ ጋር ሲዳበል ግን ይጠቅማል።

እንግዳ መጋበዝ

እዚህ ላይ አልቆይም። ሰው ጋብዞ ማስጻፍ እረፍት ይመስላል፤ አይደለም። ለሰው መደወል፣ ማስታወስ፣ ሲዘገይ መለመን፣ ሲመጣ ማረም፣ ያረማችሁትን ደግሞ በይሉኝታ ማስረዳት አለ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከራሴ ደብዳቤ በላይ ደከምኩ። በራሱ ጊዜ የሚጽፍ፣ እርማት የማያስፈልገው፣ በሰዓቱ የሚልክ ወዳጅ ካላችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ለመጽሐፉም ለኑሮም ይጠቅማችኋል።

መጽሐፉን እየቆረሱ ማውጣት

ብዙዎች የሚያማልላቸው ይህ ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ምዕራፉን ጽፎ በደብዳቤ ማውጣት፣ ከዚያ ሰብስቦ ማሳተም። አንባቢም ይለመዳል፣ መጽሐፉም ይተዋወቃል።

ማስረጃም ያቀርባሉ። ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አገር ቆሞ አልሰማም ወይ? ሰዉ ሰምቶታልና መጽሐፉን ተወው ወይ? አልተወውም፤ ይበልጥ ፈለገው። ልክ ነው። ግን መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ምዕራፍ አራትን ለሬዲዮ እያቀበሉ ምዕራፍ አምስትን አልጻፉም። ያለቀ ሥራ መተረክና ያላለቀውን ቆርሶ ማደል በጣም ይለያያሉ።

እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ጥር ላይ አንድ ረቡዕ ባዶ እጄን ቀረሁ። ምንም ርዕስ የለኝም። ለመጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት ያስቀመጥኩት አንድ ታሪክ ግን ነበረኝ። ስለ አንዲት የአራት ኪሎ ልብስ ሰፊ። ስድስት ጊዜ ሄጄ ቁጭ ብዬ የሰማሁት። እሱን አሳጥሬ ላክሁት። እንደዚያ የተወደደ ደብዳቤ አልነበረኝም። ሰው አለቀሰ፤ ለሰው ላከ።

ግንቦት ላይ ምዕራፍ ሦስትን ልጽፍ ተቀመጥኩ። አልመጣም። ቃሉ ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ባለታሪኳ በርዳብኛለች። ገፍቼ ጻፍኩትና ለአርታዒዬ ሰጠሁት። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ቁጡ ግን ደግ ሰው ናቸው። ገጹን ገልጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን አንብቤዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሰፋ ብሏል እኮ።»

«ሰፋ ብሏል። ግን ያን ጊዜ ልትነግሪኝ ቸኩለሽ ነበር። አሁን ግዴታሽን እየተወጣሽ ነው።»

ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ከመጽሐፉ ወጣ። ወጥ እየቀመሰች እንግዳው ሳይመጣ ድስቱን የጨረሰች ሴት ሆንኩ።

የሕጉም ነገር አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ለጸሐፊው የሚሰጠው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ የግድ መመዝገብ አያስፈልግም። ደብዳቤዎቻችሁ የእናንተ ናቸው። ግን ውላችሁ ለአሳታሚው ብቸኛ የኅትመት መብት የሚሰጥ ከሆነ፣ የመጽሐፉን ምዕራፍ በቻናል ማውጣት ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል። ውላችሁን አውጡና አንብቡ። ግልጽ ካልሆነ «ከመታተሙ በፊት እስከዚህ ገጽ ድረስ በቻናሌ ማውጣት እችላለሁ» የምትል አንዲት መስመር በጽሑፍ አስጨምሩ። በቃል የተባለ ነገር ቡናው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

በራሳችሁ ገንዘብ የምታሳትሙ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚያሳትመው እንደዚያ ነው። የምታፈርሱት ውል የለም፤ አስቀድሞ የሚገዛ ሰው ለማግኘትም ቆርሶ ማቅመስ ይረዳል። የወኔው ነገር ግን እናንተንም አይምርም። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ብቻ አቅምሱ።

ከዚህ መንገድ የሚተርፍ አንድ ጥሩ ነገር አለ። የመጽሐፉን ሥጋ ሳይሆን ጓዳውን መስጠት። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት የድሮ ማስታወቂያ፣ የተሳሳተ አድራሻ ይዤ ሦስት ሰዓት የዞርኩበት ቀን፣ ለመጽሐፉ የማይሆን ግን ቆንጆ ፎቶ። እነዚህ ወደ መጽሐፉ አይገቡም። ብጽፋቸውም የሚበርድ ነገር የለም። ከሚያዝያ ወዲህ ደብዳቤዬ በሙሉ ከዚህ ጓዳ ነው የወጣው። ርዕስ ፍለጋ የሚባለው ሥራም ቀረልኝ፤ መጽሐፉ ራሱ ትርፉን ያቀብለኛል።

ድግግሞሹን መቀነስ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ በየሳምንቱ የነበረውን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ። ግን ዝም ብሎ «በየሁለት ሳምንቱ» ማለት ወጥመድ አለው። አንባቢ ሁለት ሳምንት አይቆጥርም። «ዛሬ ነው ወይስ በሚቀጥለው?» ይላል፤ ከዚያ ይተወዋል። ጸሐፊውም ያው ነው።

እኔ ቀኑን ከሐሙስ አንሥቼ ወር በገባ በ12 እና በ27 አደረግኩት። ሚካኤልና መድኃኔዓለም። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ በመካከላቸው ከዚህም ከዚያም 15 ቀን ነው፤ ሳይዛነፍ። ቀኑን ደግሞ ማንም አይረሳም። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ያውቀዋል። የማይሳለመውም በትራፊኩ ያውቀዋል። ጳጉሜን ስትመጣ የአምስት ቀን ትርፍ እረፍት አለ፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ትሆናለች። «የሐሙስ ደብዳቤ» የሚለው ስም ግን አልቀረም። ማክሰኞ ሲወጣ «የዛሬው ሐሙስ ማክሰኞ ዋለ» እያሉ ቀለዱብኝ።

እውነቱን ለመናገር አጀማመሬ አላማረም። የመጀመሪያው የ27 ደብዳቤ ሚያዝያ 27 ወጣ። የትንሣኤ ዕለት! ሰው ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጦ ማን ደብዳቤ ያነባል?

ሌላው ወጥመድ ይሉኝታ ነው። ቁጥሩን ስለቀነስኩ አንባቢን የበደልኩ መሰለኝና ቀጣዩን 2,300 ቃል አድርጌ ጻፍኩት። ሁለት ደብዳቤ በአንድ ላይ! ያተረፍኩትን ጠዋት ሁሉ መልሶ በላው። ለዚህ ነው ከማሳጠሩ ጋር መዳበል አለበት ያልኩት። ከአንድ መልእክት አያልፍም። በ15 ቀን አንዴ፣ አጭር፣ ከጓዳው። ይህ ሲሆን ደብዳቤው በሳምንት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የወሰደብኝ። ከዘጠኝ ወደ ሁለት።

ሰዉስ ሄደ ወይ? ቀኑን ስቀይር ጥቂት ሰው ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። የሚጽፍልኝ ሰው እንዲያውም በዛ። በየሳምንቱ የሚመጣ እንግዳ መቼም ይሰለቻል።

ቦታውንም ለዩ

ይህ ከአማራጮቹ አንዱ አይደለም፤ ግን ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። መጽሐፉንና ደብዳቤውን አንድ ወንበር ላይ አትጻፉ። እኔ መጽሐፉን ጠዋት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነበር የምጽፈው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው። እዚያ ስገባ ቴሌግራሙን ከስልኬ ላይ አልከፍትም። ደብዳቤውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጀበና ቡና የሚሸጥበት በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ። ጫጫታው ለደብዳቤ ይስማማል። አንድ ወር ሲሆነው እግሬ ራሱ የቱን ልጽፍ እንደመጣሁ ያውቅ ጀመር።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ሦስት ወር ወይም ከዚያ በታች ከቀራችሁ ዝጉት፤ መመለሻ ቀን ተናግራችሁ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ካላችሁና ጽሑፋችሁ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ጉዳይ ከሆነ ቀንሱና አሳጥሩ። ጉዳዩ የተለየ ከሆነ እንዳለ ቀጥሉ፤ ግን ጠዋቱን ለመጽሐፉ ስጡ። የማይበላሽ ነገር የምትጽፉ ሰንቁ። ልቦለድ የምትጽፉ ደግሞ ምንም ብትሉ ምዕራፍ አታቅምሱ። በልቦለድ ላይ ወኔው ሲሄድ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።

መተዳደሪያችሁ ሳምንታዊው ጽሑፍ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ቀብዱን በወራቱ አካፍሉት። ከጽሑፉ በወር ከምታገኙት ካነሰ መቀነስ የምትችሉት ቀብዱ እስከሸፈነው ድረስ ነው። አሳታሚውን የማስረከቢያ ቀን ማስረዘም መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ከሆነ። በቀኑ ዋዜማ የሚደውል ጸሐፊን ግን ማንም አይወደውም።

ነሐሴ 30 ሐሙስ ዋለ። እኔ አልጨረስኩም። የኅዳርና የጥር ወራት ዕዳ ነው። ከወር በፊት ደውዬ ቀን አስጨምሬ ነበርና ማንም አልተቆጣኝም። መጽሐፉን ያስረከብኩት መስከረም 12 ነው፤ 17 ቀን ዘግይቼ። ሚካኤል ነበር። ደብዳቤው ግን በሰዓቱ ወጣ። አራት መስመር ነበር፤ አንዷ መስመር ስለ ልብስ ሰፊዋ ናት።